ጋሽ ጉና ሜዳ ሲወርዱ

ደብረ ታቦር ላይ ሰው አዲስ ስልክ ሊገዛ ሲያስብ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ መጀመሪያ ኪሱን፣ ቀጥሎ ጋሽ ጉናን። ጋሽ ጉና ማን ናቸው ብትሉ፣ እስከዚያ ዓመት የገና በዓል ድረስ በዓይኑ ያያቸው አልነበረም። «የታቦር ወግ» በሚባል የቴሌግራም ቡድን ውስጥ «የጉና ጭጋግ» በሚል ስም የሚጽፉ ሰው ናቸው፤ ፎቶ ባለበት ቦታ ያለው ጭጋግ የለበሰ ተራራ ብቻ ነው። ፓወር ባንክ በሉ፣ የፀሐይ መብራት በሉ፣ በስልክ የሚጫወቱት ገበጣ በሉ፣ እሳቸው ያልተናገሩበት ዕቃ የለም። «ይህ ስልክ ካሜራው መልካም ነው፤ ባትሪው ግን የክፉ ቀን ዘመድ ነው፣ ሲፈለግ አይገኝም» ብለው ከጻፉ በቃ አለቀ። ያንን ስልክ ያመጣው ባለሱቅ ሳምንቱን ዝንብ እሽ ሲል ይከርማል።

እንግዲህ ጉዱን ልንገራችሁ፤ ጋሽ ጉና ጋሽ አልነበሩም። ፈንታነሽ ላቀው የምትባል የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ነበረች። አርባ ያልሞላት፣ ቀጠን ያለች፣ ጠመኔ ይዛ ስትቆም ድምጿ ከመጨረሻው ወንበር የማያልፍ ዓይን አፋር። ስሟን የደበቀችው ሰው ለማታለል ብላ አይደለም፤ አፍራ ነው። አንድ ቀን ስለ ገና ዱላ አሠራር እጥር ምጥን አድርጋ ብትጽፍ፣ የቡድኑ ልጆች «ይህን የሚያውቅ ሽማግሌ ብቻ ነው» ብለው ጋሼ አሏት። እሷም አላረመቻቸውም። ምን ትበል፣ ጥሟታላ።

ዕውቀቱን ከየት አመጣችው ካላችሁ፣ ከቤቷ ነው። አባቷ ጋፋት ላይ ገበሬ ነበሩ፤ ገና ሲቃረብ ለአገሩ ጎረምሳ ዱላ ይጠርቡ ነበር። ወንድሞቿ የተጠረበውን ይዘው ወደ ሜዳ ሲሮጡ፣ እሷ ፍቅፋቂውን ጠርጋ ትቀራለች። የገና ጨዋታ የወንድ ነው ተብሏላ። ዱላ ይዛ ባትሮጥም የትኛው እንጨት ከየትኛው እንደሚሻል ግን ከወንድሞቿ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

አሁን ማሩን ላምጣላችሁ። ማሩ የገሳይ ሰው ነው፤ ከገሳይ ደብረ ታቦር ሚኒባስ ይነዳል፣ ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ ደግሞ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ይከራከራል። ጋሽ ጉና ነጭ ካሉ እሱ ጥቁር ነው። ጋሽ ጉና «የገና ዱላ ከክትክታ ነው፤ ቀሊል ነው፣ እጅ አያደክምም» ብለው የጻፉ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደውም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ፍጹም ስህተት ነው» ብሎ ጀመረና ስለ ወይራ የጻፈው ስልኩን ሁለት ሦስቴ ወደ ላይ ካልገፉት አያልቅም።

ፈንታነሽ ይህን ስታነብ ፊቷ ፈካ። ትምህርት ቤት ማንም አይከራከራትም። ስብሰባ ላይ ሐሳብ ስታቀርብ «መምህርት ያለችው ጥሩ ነው» ይሉና ወደሚቀጥለው ጉዳይ ያልፋሉ፤ ምን እንዳለች የሰማ ግን የለም። ማሩ ግን ያለችውን አንድ በአንድ አንብቦ፣ አንድ በአንድ ነቅሶ ነው የሚሞግታት። ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስልኳን የምትከፍተው ለዚያ ነው። ተሳሳትሽ መባል እንዲህ ይናፈቃል? እሷ ይናፍቃታል።

ታኅሣሥ ሲገባ ማሩ አንድ መልእክት ጣለ። «ጋሼ፣ ይህ ክርክር በወሬ አያልቅም። የገና ዕለት ጋፋት ሜዳ እንገናኝ። እኛ ገሳዮች በወይራ፣ እናንተ ታቦሮች በክትክታ። አለቆቹ እርስዎና እኔ።» ቡድኑ በወሬ ተቀጣጠለ። ባንተአምላክ የሚባለው የቡድኑ አስተባባሪ፣ ባንክ ቤት የሚሠራ ዘናጭ ልጅ ነው፣ ወዲያው ተጫዋች መመዝገብ ጀመረ። «ጋሼ ይመሩናል፣ ገሳይ አለቀለት» ብሎም ጻፈ። ፈንታነሽ ስልኩን አልጋ ላይ ወርውራ ክፍሉን ትዞረው ጀመር። ፈርታለች፤ ደግሞ ደስታው ሊያፈነዳት ነው።

ምስጢሩን የምታውቀው ጎረቤቷ ዝናሽ ብቻ ነበረች፤ እሷም መምህርት ናት።

«አመመኝ ብለሽ ቅሪ» አለቻት።

«ብቀር ጋሽ ጉና ፈሩ ይባላል።»

«ብትሄጂ ደግሞ ሴት መሆንሽን ያያሉ።»

«ማየታቸው አይደለም የሚያስፈራኝ» አለች ፈንታነሽ። «ካዩኝ በኋላ እሺ ይሉኛል። እሺ መምህርት፣ ልክ ነሽ መምህርት። ማሩም እንደዚያው። ያኔ የሚሞግተኝ ሰው አጣለሁ።»

እንደዚያም ሆኖ መዘጋጀቱን አልተወችም። ክትክታው ከየት እንደሚቆረጥ፣ ጎባጣው ጫፍ እንዴት እንደሚመረጥ ለተመዘገቡት ልጆች ጻፈችላቸው። «ጥላ ውስጥ ይድረቅ» ብላ አስጠንቅቃ ነበር፤ ልጆቹ ግን ቸኩለው በእሳት አደረቁት።

የገና ዕለት ቅዳሴ ተቀድሶ፣ ጾሙ ተፈስኮ፣ ሰዉ ጠግቦ ወደ ጋፋት ወረደ። እህሉ ተሰብስቦ ሜዳው ባዶውን ተንጣሏል። ፈንታነሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሸራ ጫማዋን አጥብቃ ደረሰች።

«እንኳን አደረስዎት ቲቸር» አላት ባንተአምላክ፤ ታናሽ ወንድሙን አስተምራለችና ያውቃታል። «ጨዋታ ሊያዩ መጡ? እኛ ጋሽ ጉናን እየጠበቅን ነው።»

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?»

ስልኳን አውጥታ ያንን ተራራ አሳየችው። ባንተአምላክ ስልኩን አየ፣ እሷን አየ፣ መልሶ ስልኩን አየ። ወሬው ከአፍ አፍ ዞሮ ገሳዮች ዘንድ ደረሰ። ከዚያ የሆነውን ብነግራችሁ ትናደዳላችሁ፤ ወንበር አመጡላት። ወንበር ብቻ መሰላችሁ፣ ጥላ የሚይዝላትም አቆሙ። «ልክ ነው ቲቸር»፣ «እንዳሉት ቲቸር» ማለት ሆነ ሥራቸው። ማሩ ራሱ፣ ትከሻው የበር ያህል የሆነ ሰውዬ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣና «እንኳን አደረስዎት እትዬ። ሳላውቅ ብዙ ደፈርኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ» አላት። የፈራችው ደረሰ።

ጨዋታው ግን ተጀመረ፤ ጨዋታ ሲጀመር ደግሞ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ልብ አልነበራትም። ሩሯ፣ ከእንጨት የተጠረበችው ኳስ፣ ሜዳው መሃል ተጥላ ሁለቱ ወገን ተተራመሰባት። የክትክታው ጭፍራ መጀመሪያ ላይ በረረ። ፈንታነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ በዳር በዳር እየሮጠች «ወደ ግራ አስለቅቃት፣ አታባክናት፣ ለደሳለኝ ስጣት» እያለች ተጫዋቾቿን ታዛለች፤ ያ ክፍል ውስጥ የማይሰማው ድምፅ ሜዳውን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ ይሰማል። ታቦሮች ሩሯን ገሳዮች ጫፍ አድርሰው ሊያገቡ ሲሉ፣ ቀጭ። አንዱ ዱላ ተሰበረ። ጥቂት ቆይቶ ሌላው። በእሳት የደረቀ እንጨት ውስጡ ተሰንጥቆ ኖሯል። ገሳዮች በወይራቸው ሩሯን እየጠለዙ ሜዳውን ሙሉ አሻገሯትና አገቧት። ታቦር ተሸነፈ።

አሁን የአገሩን ደንብ ልብ በሉ። በገና ጨዋታ ያሸነፈ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ ትልቅ የለ ትንሽ የለ፣ አንድ በአንድ ነው። ገሳዮች እያጨበጨቡ መጡና ከባንተአምላክ ጀመሩ።

ባንተአምላክ ሸሚዙን በካውያ ተኩሶ፣
ሩር መጣች ሲሉት ዞረ ተመልሶ።

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ደሳለኝ ተሰደበ፣ ከሱ ቀጥሎ የቆመው ተሰደበ፣ ፈንታነሽ ዘንድ ሲደርሱ ግን ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ማሩ በእጁ ምልክት ሰጠና እሷን አልፈው ወደሚቀጥለው ሄዱ። ሽንፈቱን ችላው ነበር፤ ይሄኛውን ግን አልቻለችም።

«የእኔስ?» አለች።

ማሩ ዞረ። «የምን እትዬ?»

«ስድቤ ነዋ። የተሸነፈ አለቃ ሳይሰደብ ይቀራል?»

«ኧረ ነውር ነው። እርስዎን?»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሲባል አልሰማህም? ጌታ ካልተቆጣ እኔ ምን ቤት ነኝ? ክረምቱን ሙሉ ተሳሳቱ ስትለኝ ከርመህ ዛሬ አፍህ የት ሄደ? ወይስ የምታውቀው መተየብ ብቻ ነው?»

ማሩ አንገቱን አከከ፣ ወገኖቹን አየ፣ መሬት አየ። ቀና ሲል ዓይኑ ውስጥ ያ ከስልኩ ወዲያ የምታውቀው ነገረኛ መጥቷል። ወይራውን መሬት ላይ ተክሎ ግጥሙን አወረደው።

መምህርት ፈንታነሽ ቀመር ስትደረድር፣
ዱላዋ ተሰብሮ ሩሯ ገሳይ ታድር።

ሜዳው በሳቅ ቀልጦ ሳይበርድ ከኋላ ሌላ የገሳይ ልጅ ተቀበለው።

የሰው ስልክ ባትሪ ስታማ የኖረች፣
ጭፍሮቿ አልቀውባት ቻርጀር ለመነች።

ፈንታነሽ ሳቀች፤ ዕንባዋ እስኪወርድ፣ ሆዷን ይዛ እስክትጎነበስ ሳቀች። ስትሳሳት ያዩዋት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው ስሟን ጠርተው ሲሰድቧት፣ ከዚያ በላይ የሚያስደስት ነገር አልታያትም። ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቀና አለች።

«ዱላው የተሰበረው ክትክታ ስለሆነ አይደለም» አለች። «በእሳት ስላደረቁት ነው። ጥላ ውስጥ ቢደርቅ ኖሮ ወይራህን ይዘህ ገደል ትገባ ነበር።»

«ውሸት» አለ ማሩ። «ክትክታ በጥላም ደረቀ በእሳት ያው ማገዶ ነው። አንቺ ደግሞ ግትር ነሽ።»

«ግትርስ አንተ። ክብደትና ፍጥነት እንዴት እንደሚገናኙ እንኳ አታውቅም።»

ገሳዮች በማሩ ወገን፣ ታቦሮች በእሷ ወገን ሆነው ሁሉም ባንድ ጊዜ ይንጫጫ ጀመር። በዚህ መሃል ባንተአምላክ የተጨማደደ ሸሚዙን እያቃና ጣልቃ ገባ።

«ቲቸር፣ እውነቱን ለመናገር ማሩ ልክ ነው። ወይራ ይሻላል።»

የራሷ ሰው። ፈንታነሽ ፊቷ እንደ ልጅ በርቶ ወደ እሱ ዞረችና፣ ክርክሩን ከመጀመሪያው ጀመረችለት።