ያልሞተችው እናት

በ1972 ዓ.ም. ዳባት ኬላ ላይ ለፍተሻ ከአውቶቡስ ስንወርድ አንዲት ሴት ከፊቴ ነበረች። ሕፃን አዝላለች፤ ሌላው ልጇ ቀሚሷን ይጎትታል። ጥቁር ለብሳለች፤ ለማን እንደሆነ በዚያ ዘመን አይጠየቅም ነበር። መንገዱን ሁሉ እያጠባች ስታነበው የመጣችውን፣ በጋዜጣ የተለበደ መጽሐፍ ፈታሹ ሚሊሻ ቀማት።

«ይኼ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«ልቦለድ ነዋ! ዘንድሮ ሦስት አነበብሁ። በሦስቱም እናትየዋ ገና ሲጀመር ትሞታለች። ልጁ ጀግና እንዲሆን የግድ እኛ መቀበር አለብን? የዚህኛው እናት እስካሁን አለች። አራት ገጽ ነው የቀረኝ፤ መጨረሻዋን ሳላይ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

ሰልፈኞቹ፣ እኔም ጭምር፣ አቀረቀርን። ሚሊሻው ግን ሳቅ አመለጠውና መጽሐፉን መለሰላት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን በየመስመሩ እያስኬደች ጨረሰችው።

«እህስ፣ ተረፈች?» አላት ሚሊሻው ስንሳፈር።

«ተረፈች» አለች በንዴት። «ግን ጸሐፊው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አላስተነፈሳትም!»

አውቶቡሱ ተነሣ። ጥቁሩን ለማን እንደለበሰች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ እስከ ደባርቅ ድረስ ጮክ ብላ ነገረችን።