ቀዩ ነጥብ ላይ የቆመው ስም

አጎቴ ክሪስታል በምትባለው ከተማ ባለው ቤቱ ቤዝመንት ውስጥ የእድራችንን የአባላት መዝገብ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲጽፍ፣ የሟች ስም የሚሰርዘው መስመር ላይ ቀይ ነጥብ አስቀመጠ። ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ፣ ሰው «ቀጥል» እስኪለው ይቆማል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስህተት መፈለጊያ ነው፤ ሥራው ካለቀ ለምን አታነሳውም?» ስለው፣

«ማሽን ብቻውን ሰው አይሰርዝም። መጀመሪያ ስሙን ጠርተን ነፍስ ይማር እንላለን» ይለኝ ነበር።

ከራሱ ከጋሼ አርባ በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ማረፉን መዘገብኩና ፕሮግራሙን አስኬድኩት። ቀዩ ነጥብ ላይ ቆመ። ያለ «ጋሼ» ጠርቼው የማላውቀው ስሙ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ጮክ ብዬ ጠራሁት። «አቤት» እስኪለኝ እየጠበቅሁ ነበር።

«ነፍስ ይማር» አላልኩም። ፕሮግራሙ እስካሁን እዚያው ቆሟል።