«ያልታወቀች» ብዬ የጻፍኳት ሴት

ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ የማገለግልበት የዘር ሐረግ አጥኚዎች ማኅበር ሲያትል ውስጥ፣ እኔ ከምኖርበት ከማውንት ቤከር ሰፈር ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ሁለት ክፍል ብቻ ነው ያለው። አባላቱ አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። አያቶቼ ከየት አገር መጡ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ አብረነው እንፈልጋለን፤ ማንም በማይመጣበት ቀን ደግሞ ከአሮጌ ጋዜጦች የሞት ማስታወቂያ እያነበብን ስም በስም ኮምፒውተር ውስጥ እናስገባለን።

የገባሁት በልጄ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት የቤተሰብ ዛፍ ሠርታችሁ ኑ ሲሏት የሚረዳን ፍለጋ አብረን ሄድን። እሷ ሥራዋን አስረክባ ረሳችው፤ እኔ እዚያው ቀረሁ። ያስቀረኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አድናቆት ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሽማግሌ የአባቴን አባት ስም ሲጠይቁኝ እስከ ሰባት ቤት ሳልተነፍስ ቆጠርኩላቸው። ልጅ ሳለሁ አባቴ እንግዳ ፊት እያቆመ ያስቆጥረኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ የያዙትን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። ፋርማሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ክኒን ስቆጥር የሚያደንቀኝ ሰው የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ።

አብረውኝ ተረኛ የነበሩት ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እንግሊዝኛ አንቺንና አንቱን ባይለይም እኔ በልቤ አንቱ ነው የምላቸው። ግማሽ ዕድሜያቸውን የአንዲት ሴት ስም ሲፈልጉ ኖረዋል፤ የአያታቸውን አያት። ሴትየዋ በአሜሪካ ደቡብ ክፍል ባሪያ ነበረች። የዚያ ዘመን የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ባሮችን በጌታቸው ስም ሥር ያሰፍራቸዋል እንጂ ስማቸውን አይጽፍም። አንድ ቀን የአንዱን ገጽ ኮፒ አሳዩኝ። «ሴት፣ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ጥቁር» ይላል።

«እሷ ትመስለኛለች» አሉኝ፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳርፈው። «ግን ምን ብዬ ልጥራት?»

በየጸደዩ ማኅበሩ በሩን ለሕዝብ የሚከፍትበት ቀን አለው። ያን ዓመት እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ የራሱን ቤተሰብ ዛፍ ሠርቶ ግድግዳ ላይ እንዲሰቅል ተባለ። ጊዜ ወስጄ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሠራሁት። የአባቴ ወገን እስከ ላይ ድረስ ሞላ። በእናቴ በኩል ግን አያቴን ጻፍኩና ከእሷ በላይ በእናቷ ቦታ ላይ «ያልታወቀች» አልኩ።

ውሸት ነው። አውቃት ነበር። የአያቴ እናት በልጅነቷ ከሩቅ አገር ተሸጣ መጥታ፣ ሸዋ ውስጥ የአያቴ አባት ቤት የገባች ባሪያ ነበረች። ከጌታዋ አያቴን ወለደች። የቤቱ እመቤት መካን ስለነበረች ሕፃኗን ወስዳ የራሷ ልጅ አድርጋ አሳደገቻት። ወላጇ እዚያው ጓዳ እህል እየፈጨች፣ የገዛ ልጇን «እሜቴ» እያለች ኖረች። ይህን የሰማሁት ኮረዳ ሳለሁ ነው፤ አንዷ አክስቴ ከእናቴ ጋር ተጣልታ፣ የሴትየዋን ስም ጠርታ አፏ ያመጣላትን ስትናገር። እናቴ ያን ዕለት ለብቻዬ ጠርታ፣ «አጥንት የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። ይህ ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ» አለችኝ። እኔም ሳልከፋ ተስማማሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ምነው ባልሰማሁ ኖሮ እያልኩ ነበር። ዛፉ ላይ ግን እመቤቲቱን እናት ብዬ ለመጻፍም አልደፈርኩም።

አስተማሪዋ ዛፉን ገና ሳላጠናቅቀው አዩትና ዓይናቸው በቀጥታ ያቺ ባዶ ቦታ ላይ አረፈ።

«ይህችንስ አብረን እንፈልጋታለን» አሉኝ።

«አይድከሙ፣ የእኛ አገር መዝገብ የለውም» አልኳቸው።

«እኔን ነው መዝገብ የለም የምትይው?» ብለው ሳቁ።

የምራቸውን ነበር። የሚስዮኖች ማስታወሻና የድሮ ፎቶግራፍ ይኖር እንደሆነ ብለው ለየቤተ መጻሕፍቱ ደብዳቤ ጻፉ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ደብተር ይዘው መጡ። ከሀ ጀምሮ ፊደል ገልብጠውበታል፤ አንዳንዱ ተንጋዶ፣ አንዳንዱ እግሩ ጠፍቶ። የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ቢገኝ ስም ማንበብ እንዲችሉ ነው።

«ቅድመ አያት የሚለው እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብለው እርሳሱን አቀበሉኝ። ጻፍኩላቸው። ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ ግን የእጅ ጽሑፍዎ ጥሩ ነው ብያቸው ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ቀጥለው እናቴን ላነጋግር አሉኝ። የማኅበሩ ደንብ ነው፤ ፍለጋ ሲጀመር መጀመሪያ የሚጠየቀው በሕይወት ያለው ትልቅ ሰው ነው። አንድ ጊዜ አሟታል አልኳቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ መርሳት ጀምራለች አልኩ። እናቴ ግን ደህና ነበረች፤ ኬንት ከተማ፣ ወንድሜ ቤት ሆና የሰፈሩን ሰው ልደት ሁሉ በቃሏ ትይዛለች።

በሩ ለሕዝብ የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። ወንድሜ የአባታችን የዘር ሐረግ ፈረንጅ አገር ግድግዳ ላይ መሰቀሉን ሰምቶ ደስ ብሎት እናቴን ይዟት መጣ። «ፓርክ አድርጌ እስክመጣ ያዣት» ብሎ በሩ ላይ አስረከበኝ። አስተማሪዋ ወዲያው አዩን። ወንበር አመጡላት፣ ሁለቱን እጆቿን ይዘው ሰላም አሏትና ወደ እኔ ዞረው፣ «ስለ አያቷ የምታስታውሰውን ጠይቂልኝ» አሉ።

ተረጎምኩ። እናቴ ፈገግታዋን ሳትለውጥ በአማርኛ፣ «ምን አግብቷት ነው የምትጠይቀው? ያቺን ባሪያ ልታነሺ ነው እንዴ ሰው ፊት? አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ ልጆች አሉት፤ ነገ ያገባሉ። ዝም በያት» አለችኝ።

ወደ አስተማሪዋ ዞሬ፣ «አላስታውስም ነው የምትለው» አልኩ።

አስተማሪዋ እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ። «ያን ሁሉ ተናግራ አላስታውስም ብቻ ነው?» አሉ ቀስ ብለው። የእናቴን ነጠላ ማስተካከል ጀመርኩ። እጄን መታ መታ አድርገው ወደ ሌሎቹ እንግዶች ሄዱ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የመካነ መቃብር ተራችን ነበር። የድሮ መቃብሮችን ድንጋይ ፎቶ እናነሳለን፤ የሲያትል ዝናብ ያበቀለውን አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ደግሞ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ እናጥባለን፣ ስሙ እንዲነበብ። ሁለታችን አንድ ድንጋይ ላይ ተንበርክከን ሳለ ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ጓዳውን፣ ሽያጩን፣ እናቴ የተናገረችውን ሳይቀር። ቃሏን በእንግሊዝኛ ሳወጣው በአማርኛ ከሰማሁት የከፋ መሰለኝ።

መቦረሹን ሳያቆሙ፣ «ስሟን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«ከመጀመሪያውም ታውቂው ነበር?»

«አዎ።»

«ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። አፋቸው እስኪለምደው ሦስት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ አስቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ልረዳቸው እጄን ብዘረጋ አልያዙትም። «ስም እያለሽ!» አሉኝ። ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ከኋላ አየኋቸው። መከተል ፈራሁ። የቀሩትን ድንጋዮች ብቻዬን ሳጥብ ዋልኩ።

አስተማሪዋ ለሳምንታት ከማኅበሩ ቀሩ። በመካከሉ ኬንት ሄጄ ለእናቴ ስሙን ዛፉ ላይ ልጽፈው ነው አልኳት። ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ደከማት።

«ያ እኮ ስሟ አይደለም» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ቤታችን ያወጣላት ነው፤ ጌታዋን ደስ እንዲለው። ከአገሯ ይዛው የመጣችው ሌላ ነበር።»

«ማን ነበር?»

«ማን ጠየቃት?»

«አንቺስ?»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «እኔ ልጅ ነበርኩ። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዟት በማናውቀው ቋንቋ ስታወራ አደረች። ጠዋት እኛ ልጆቹ አነጋገሯን እያስመሰልን ሳቅንባት። ሰምታናለች። ምንም አላለችንም።»

እናቴን በዚያ ዕድሜዋ እንደዚያ አንገቷን ደፍታ አይቻት አላውቅም። ላጽናናት አልቻልኩም። ምን ብዬ?

አስተማሪዋ ሲመለሱ፣ እናቴ ያለችውን እንደወረደ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ከዚያ ከዛፉ ፊት ለፊት አብረን ቆመን «ያልታወቀች» የሚለውን ሰርዤ፣ ቤቱ ያወጣላትን ስም ጻፍኩ፤ ከሥሩም ተሸጣ መምጣቷንና የራሷን ስም ማንም እንዳልጠየቃት። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስም አልጠቅስም፤ እናቴ በሕይወት አለች፣ የለመነችኝም ይህንኑ ብቻ ነው።

አስተማሪዋ ይቅር አሉኝ ልል አልችልም። አልጠየቅኳቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎን ለጎን እንቀመጣለን፣ የሞት ማስታወቂያ እናስገባለን፤ የማይነበብ ስም ሲገጥማቸው ወረቀቱን ወደ እኔ ይገፉልኛል።

አንድ ነገር ግን ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። በሩ ለሕዝብ የተከፈተ ዕለት ወንድሜ ዛፉን በስልኩ አንስቶ፣ አሳድጎ አሳትሞ፣ ሳሎኑ ውስጥ በፍሬም ሰቅሎታል። እንግዳ ሲመጣ የአባታችንን ሰባት ቤት ለልጆቹ እያሳየ ያስቆጥራቸዋል። በእናታችን በኩል እስከ ዛሬ «ያልታወቀች» ነው የሚለው። የታረመውን እሰጠዋለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ይዤ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ከቦርሳዬ ሳላወጣው ምሳ በልቼ ተመለስኩ።