ሐውልቱ ላይ የቀረው ስም

አጎቴ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ መንደሩ «መዶሻው» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ለሙያው ብቻ ሳይሆን ለአፉም ጭምር ነው። ድሮ ለቅሶ ቤት ገብቶ ሐዘንተኛ የሚያስቅ ሰው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ግን ዝም አለ። አደባባዩ ላይ የቆመውን የመታሰቢያ ሐውልት የጠረበው እሱ ነው። የመንደሩን ሟቾች ስም አንድ በአንድ ቀረጸ፤ የገዛ ልጁ ጋ ሲደርስ እጁ አልታዘዝ አለው። ልጁ ከአባቱ ሥር ድንጋይ ሲጠርብ ያደገ ነው። ዘመተ፣ አልተመለሰም፣ አስከሬኑም አልተገኘም። እናቱ እቴቴ ባሏን «ስሙን ከጻፍከው የገደልከው አንተ ነህ» አለችው። እሱም በስሞቹ መሃል አንድ መስመር ባዶ ተወ።

ጠራቢ መሮ ከማሳረፉ በፊት ድንጋዩን በመዶሻ ሁለት ጊዜ ኳ ኳ አድርጎ ያዳምጣል። ውስጡ ተሰንጥቆ ከሆነ ድምፁ ያስታውቃል። ልጁ ይሄ አመል ሆኖበት የቤቱንም በር እንደዚያው ነበር የሚያንኳኳው። «በሩ ደህና ነው፣ አልተሰነጠቀም፤ ግባ!» እያለች እቴቴ ትቀልድበት ነበር። እሱ ከቀረ ወዲህ ያ በር አይቆለፍም፤ ማንም ደግሞ አያንኳኳውም። እኛ ዘመዶቿ እንኳን ከደጅ ተጣርተን ነው የምንገባው።

አምና ሐውልቱ በቅርስነት ሊመዘገብ ነው ተባለ። ከተመዘገበ በኋላ መሮ አይነካውም። አጎቴም ዓይኑ ደክሟል። አንድ ጠዋት እኔም እነሱ ቤት ሳለሁ ነገሩን ያነሳችው ራሷ እቴቴ ነች።

«በቃ ጻፈው። እኛ ስንሞት ልጄን ማን ያስታውሰዋል?»

«ከልብሽ ነው?»

«አትጠይቀኝ። ሐሳቤን ሳልቀይር ተነስ።»

ሦስታችንም ወጣን። እቴቴ ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አጎቴ መሮውን ከኪሱ አወጣ፤ ከዚያ እጁ እንደለመደው ድንጋዩን በመዶሻው ኳ ኳ አደረገ።

«መጣሁ፣ ልጄ!»

እቴቴ ብድግ ብላለች። ሻርፗ ወድቋል፤ ፊቷ በርቷል። ወደ ቤቷ አቅጣጫ ጥቂት ተራመደችና ቆመች፤ ዞራም ባሏን አየችው። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ያ «መጣሁ» እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

አጎቴ መዶሻውን ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። ሻርፗን አንስታ አራገፈችና «ዕቃህን ሰብስብ» አለችው።

መዝጋቢው የመጣው በማግስቱ ነው። ሐውልቱን ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። መሃል ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«እዚህ ጋ ለምንድነው ባዶ የሆነው?»

የመለሰችው እቴቴ ነች።

«ባዶ አይደለም፣ የኔ ልጅ፤ ሰው አለው።»