የሐሙሱ ራይት

በሆስፒታላችን የኦፕራሲዮን ዕቃ በእንፋሎት ማሽን የምትቀቅለውን ሴትዮ «እንፋሎት» ነበር የምንላት። እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት አልነበረም። መስኮት ከሌላት የማሽኑ ክፍል ፊቷ በላብ ወዝቶ ስትወጣ «እንፋሎት፣ ዛሬስ በሰልሽ?» እንላታለን። «ጥሬዎቹ እናንተ!» ትላለች። ምላስ እንደሆነ አላነሳትም።

እኔ የኦፕራሲዮን ክፍሉ ኃላፊ ነርስ ነኝ፤ ጥፋቱም የሚጀምረው ከእኔ ነው። ዕቃው በደንብ ሲቀቀል ጥቅሉ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ይጠቁራል። እሷ ያንን አይታ፣ የማሽኑ ክፍል በር ላይ በተሰቀለው ቅጽ ራይት ታደርጋለች። የጥራት ኮሚቴ የሚባለው መጥቶ ያልተሞላ ቀን ካገኘ ስብሰባ ነው፤ ከስብሰባው በኋላ ሌላ ስብሰባ። አንገፈገፈኝ። «አንቺ፣ ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን በሙሉ ራይት አድርጊውና እንገላገል» አልኳት። መጀመሪያ አንገራገረች፤ ኋላ ለመደችው። በዓመቱ አንደኛ ወጣን ተብሎ ምስክር ወረቀት ተሰጠን። ይግረማችሁ፣ አጨብጭበናል!

አንድ ሐሙስ የእንፋሎት አንድያ ልጅ ምጥ ይዟት መጣች። እንፋሎት ዕቃውን ማሽን ውስጥ ከትታ፣ ማሽኑን አስነስታ፣ ወደ ማዋለጃ ክፍል በረረች። ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደና ማሽኑ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ልጅቱ ምጡ ጸናባት፣ በኦፕራሲዮን ትውለድ ተባለ። ዕቃ እንዲያመጣ የላክሁት ነርስ ማሽኑ ቆሞ ሲያገኘው የጨረሰ መሰለው፤ ቅጹንም አየ። ሐሙስ፣ ራይት። ጥቅሉን አፈፍ አድርጎ መጣ። በዚያ ጥድፊያ ፕላስተሩን ልብ ያለ የለም። ጥቅሉን የፈታሁት በዚህ በገዛ እጄ ነው።

ሕፃኗ ደህና ተወለደች። የእናቷ ቁስል ግን በሦስተኛው ቀን አበጠ፤ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። እንፋሎት ለማንም ሳትናገር የሐሙሱን መጠቅለያ ጨርቅ ከእጥበት ክፍል ፈልጋ አመጣችልኝ።

«እዪው ሲስተር፣ ፕላስተሩ አልጠቆረም» አለችኝ።

«ዝም በይ፣ ሁለታችንንም ያስበላናል» አልኳት። ልጇ በሞትና በሕይወት መካከል ላለች እናት የምለው አጥቼ!

በዘጠነኛው ቀን ልጅቱ አረፈች።

እንፋሎት ሕፃኗን ወስዳ ማሳደግ ጀመረች። ሥራውን ትለቃለች ብለን ስንጠብቅ ተመልሳ መጣች። ለዳይሬክተሩ ሁሉንም ነገረችው፤ ጥፋቱን ግን በራሷ ላይ ብቻ ጫነችው። እሱም በማስጠንቀቂያ አለፋት። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሊወስድ የመጣውን ሁሉ ፕላስተሩን በዓይኑ ሳታሳይ፣ «ለማን ነው?» ብላ የበሽተኛውን ስም ሳትጠይቅ፣ ጥቅል ከእጇ አይወጣም። ራይቷም ከዚያ በኋላ ነው። ዶክተሮች ይጮኹባታል። «ይጩሁ ዶክተር፤ ሲጨርሱ እሰጥዎታለሁ» ትላለች። ስድስት ዓመት እንዲሁ አለች። ቁስሉ የሚያመረቅዝበት ሰው እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

ወሬው ተሰማና ከሌላ ሆስፒታል እንግዶች መጡ። እሷ ክፍል በር ላይ ቆመው፣ «እኛ ጋ ሁሉም ነገር ይጀመርና ይቀራል። እናንተ ጋ ምን ቢኖር ነው የጸናው?» አሉ። ዳይሬክተሩ መልሱን ለእኔ ተወው። እንፋሎትም ዞራ አየችኝ። አስቀድማ እንድትሞላ ያዘዝኳት እኔ መሆኔን በስድስት ዓመት ውስጥ ለአንድ ሰው ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ያን ቀን ግን ራሴ እንድናገረው ፈልጋለች፤ ዓይኗ ላይ አየሁት።

አፌን በቆረጠው! «ሥልጠና ነው» አልኳቸው።

እንግዶቹ ጻፉ። እንፋሎት ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች።

«እኔ ሥልጠና የሚባል አልወሰድኩም» አለቻቸው። «ልጅ ነው የቀበርኩት።»

ይህንንም ይጻፉት አይጻፉት አላየሁም፤ ቀና ማለት አቅቶኝ ነበር።