ሃያ ስድስት የሚባለው ተጠርጣሪ

ይዘው ሲያመጡኝ መጋዘኑን ገና ከደጁ አወቅሁት። በደህናው ጊዜ ተከራይቼ ምስር ያስቀመጥሁበት ነው። ያኔ ለባለቤቱ፣ «ጣራህ ያፈሳል፣ አየር የለውም፣ ለእህል አይሆንም» ብዬው ነበር። ለሰው ይሆናል ብሎ ያሰበ ተገኘ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፤ ነቀዝ የበላው ማሽላ ሽታ አሁንም አለቀቀውም። ሠላሳ ያህል ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ከአምባሰል በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

«አብሽር ልጄ፣ ተቀመጥ። በምን አመጡህ?»

«በዳርት» አልኋቸው።

«እሱ ደግሞ የማን ድርጅት ነው?»

እዚያ ቤት ከገባሁ መጀመሪያ የሣቅሁት ያኔ ነው።

ዳርት ማለት ክብ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ጫፏ መርፌ የሆነች ትንሽ ቀስት በእጅ እየወረወሩ ነጥብ መሰብሰብ ነው። በከተማችን በሐይቅ፣ ውሃው ዳር ባለ መዝናኛ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ቅዳሜ ቅዳሜ እየረታ ያሾፍብኝ ነበር። በጦርነቱ መንገዱ ተዘግቶ ገበያው ሲሞት ሰሌዳ ገዛሁና ሳሎን ሰቀልሁት። ሥራ የፈታ ነጋዴ ወይ ይጠጣል ወይ ይወረውራል። ባለቤቴ «ኧረ ግድግዳውን ወንፊት አደረግኸው!» እያለች፣ እኔ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርሁ፤ በጉልበት መወርወሩን ትቼ ክርኔን ማርጋት ተማርሁ። መሻሻሌን እንዳይ የየቀኑን ነጥብ ወረቀት ላይ እጽፍ ነበር።

ቤቴ ሲፈተሽ ሰሌዳውም ወረቀቱም ተገኙ።

ማታ በሩን ከውጭ እየዘጉ፣ ጠዋት እያስወጡ ሲቆጥሩን ሰነበቱ፤ በአሥረኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ድምፁን የማያነሣ ሰው ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ይሄ የተኩስ ልምምድ ነው።»

«ጨዋታ ነው አለቃ።»

«ሃያ ስድስት ማነው?»

«ምን አሉኝ?»

«ሃያ ስድስት፣ ሃያ ስድስት፣ አሁንም ሃያ ስድስት። በየቀኑ አለ። የምታገኘው ማንን ነው?»

ሃያ ስድስት ሰው ሳይሆን የደካማ ተጫዋች ነጥብ ነው ብዬ ባስረዳው ብዕሩን አስቀመጠ። «ነገ ወርውረህ ታሳየኛለህ። ከዋሸኸኝ ከሰዓት መኪና አለ፣ ትጫናለህ።» በዚያ መኪና ተጭኖ የተመለሰ አላየንም።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ሳተው ልጄ! ቆርቆሮውን ምታው። አልሞ የሚመታ ሰው ይለቃሉ ብለህ ነው?»

«ብስተው ውሸታም እባላለሁ አባባ።»

«ብትመታውስ?»

«ተኳሽ።»

«ወላሂ፣ ይሄስ ጨዋታ አይደለም!»

ጠዋት ሰሌዳውን ግቢው ውስጥ በር ላይ ሰቀሉት። ጠባቂዎቹ ተሰበሰቡ። ርቀቱን በእርምጃ ለክቼ፣ በተረከዜ አፈሩ ላይ መስመር አሰመርሁ።

«መሃሉን ምታ» አለኝ መርማሪው።

«የምንመታው መሃሉን አይደለም አለቃ።»

«ኢላማ መሃሉ አይደለም እንዴ?»

«ለጠመንጃ ይሆናል። እዚህ መሃሉ ሃምሳ ነው። ከላይ ሃያ የተጻፈበት ክፍል ውስጥ ያለችው ቀጭኗ ቁራጭ ግን ሦስት እጥፍ፣ ስልሳ ትሰጣለች። የሳተ እንዲቀጣ ደግሞ በሃያው ግራ አምስት፣ በቀኙ አንድ አስቀምጠዋል። ሰሌዳውን የሠራው ነጋዴ መሆን አለበት።»

አንዱ ጠባቂ ፈገግ አለ።

ልሳት ወይስ ልምታ የሚለውን መስመሩ ላይ ስቆም ተውሁት። ስንት ወር ሳሎኔ ውስጥ የደከምሁበትን እጅ አውቄ ላዋርደው አልፈለግሁም። ስልሳዋን አይቼ ከልቤ ወረወርሁ።

የመጀመሪያዋ ከቀጭኗ ሥር ሃያው ላይ ተሰካች። ሁለተኛዋ ወደ ግራ ሸሸች፤ አምስት። ሦስተኛዋ ወደ ቀኝ፤ አንድ።

ከዚያ ፈገግ ያለው ጠባቂ በጣቱ ደመረና፣ «አለቃ፣ ሃያ ስድስት እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ።

መርማሪው ወረቀቱን አየ፣ ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ። ሆን ብዬ ያደረግሁት መስሎት ይሆናል። ሆን ብዬማ ብሞክር አይሳካልኝም ነበር። «አምጣ እስቲ» ብሎ ቀስቶቹን ተቀበለኝ።

ቦት ጫማው መስመሩን አንድ ስንዝር አልፎ ቆመ። ዝም ማለት እችል ነበር፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብያለሁ።

«መስመሩን አልፈዋል አለቃ» አልሁት።

ጠባቂዎቹ መሬት መሬት አዩ። እሱ ጫማውን ተመለከተ። ከዚያ እግሩን ሰብስቦ ከመስመሩ ኋላ ቆመ። ሦስቱንም ቀስቶች በሩ ላይ ሰካቸው፤ ሰሌዳውን አንዷም አልነካችውም። ማንም አልሣቀም፤ እኔም አልሣቅሁም።

ከሰዓት መኪናው ሲነሣ ስሜ ሳይጠራ ቀረ። በማግስቱ ለቀቁኝ። ሰሌዳው ለምርመራ ተብሎ እዚያው ቀረ። ብርድ ልብሴን ስተውላቸው ሽማግሌው፣ «እንዳልሁህ ሳትኸው?» አሉኝ።

«እንዳልስት ታግዬ ነው የሳትሁት።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው እስኪያስላቸው ሣቁ። እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ቤታቸው መግባታቸውን ሰማሁ።

አሁንም ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሰው ያስቆመኝና፣ «ማን ደውሎልህ ነው የወጣኸው?» ይለኛል። ትልቅ ዘመድ እንዲኖረኝ ይፈልጋሉ። አንድ ሹም ወደ ኋላ እንዲቆም ነገርሁት፣ ቆመልኝ ስላቸው የሚያምነኝ የለም። አይመኑኝ። ማታ ቤቴ ስገባ በሩን የምዘጋው እኔ ነኝ፤ ጠዋት ስወጣም ማንም አይቆጥረኝም።