ባዶ የቀረችው መስመር

አባቴ መምህር እንደሻው ከጎጃም ተመድቦ እኔን በጨቅላነቴ ታቅፎ ሐረር ገባ። እናቴ ቀድማ ሞታ ነበር፤ ቤቱ የሁለታችን ብቻ ነው። ጂኦግራፊ ያስተምራል። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ይጽፋል፦ «ጀርመን በጦርነት ፈርሳ እንዴት ቶሎ በለጸገች?» መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሕዝቧ ተምሯል። ሁለተኛ፣ ሰዉ እርስ በርሱ ይተማመናል፣ በማኅበር ይሠራል። እኔም ተማሪው ስለነበርኩ ሁለቱንም በቃሌ አውቃለሁ።

እሱ ግን የሚኖረው በአንደኛው ብቻ ነበር። በሸዋ በር ሰፈራችን ለቅሶ ሲሆን ቁጭ ብሎ ደብተር ያርማል። እድር አልገባም። «ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ያደገ አገር አላየሁም። አንቺ አጥኚ!» ይለኛል። አጠናሁ።

በ1959 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨረስኩና አንድ መሥሪያ ቤት ተቀበለኝ። የቀረኝ ዋስ ነበር፤ የራሱ ቤት ያለው የከተማው ሰው፣ በአሥር ቀን ውስጥ። እኛ ተከራዮች ነን። አባቴ ኮቱን ለብሶ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት። አራት ቤት አንኳኳን፤ ሁሉም «እስቲ እናስብበት» አሉን። አምስተኛው የእድሩ ዳኛ የአቶ ተክለጻድቅ ቤት ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን አነበቡ። «አመልካቿን በምን ያውቋታል?» የሚለው መስመር ላይ ሲደርሱ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«እዚህ ምን ብዬ ልጻፍ፣ መምህር?»

«ከክፍሏ አንደኛ ናት።»

«እሱን ወረቀቷ ይናገራል። እናቴ ሲሞቱ ድንኳኑ ከደጅዎ ሃያ እርምጃ አይሞላም ነበር። እኔ እርስዎን የማውቅዎ በደጄ ሲያልፉ ነው።»

አባቴ ቅጹን አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተ። አሥሩ ቀን አለፈ፣ ሥራውን ሌላ ሰው ያዘው። ማልቀሴን አላስታውስም። የዚያን ዕለት ሽሮ መሥራቴን ግን አስታውሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ለቅሶ አምልጦኝ አያውቅም። አዝኜ አይደለም፤ የሟቹን ስም እንኳ የማላውቅበት ጊዜ ነበር። ውሃ እቀዳለሁ፣ ንፍሮ አቀርባለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እመለሳለሁ። አባቴ ከደብተሩ ቀና ብሎ «ዛሬስ ማን ሞተ?» ይለኛል። «አብሬሽ ልምጣ» ግን አንድ ቀንም አላለኝም። አሁን ሳስበው ያናድደኛል፤ ያኔ ንዴቱም አልመጣብኝም።

በስድስተኛው ዓመት እሱም ሞተ። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቢያይ ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው ለማን እንደመጣ ይጠይቀኝ ነበር።

ሰልስቱ እንዳለፈ አቶ ተክለጻድቅ አስጠሩኝ። «ጽጌሬዳ፣ ያ መሥሪያ ቤት ሰው ይፈልጋል አሉ። ቅጹን አምጪው።»

በማግስቱ ወሰድኩላቸው። እዚያች መስመር ላይ ሲደርሱ ሳይቆሙ «ጎረቤቴ ናት» ብለው ጻፉና ፈረሙ። እጅ ነስቼ ወጣሁ፣ ቅጹን ይዤ ወደ ቤት ፈጠንኩ። ለአባቴ ላሳየው እየሄድኩ እንደነበር ያወቅኩት በሩን ከከፈትኩ በኋላ ነው።